በትሩቪልና በዶቪል አንድ የበጋ ቀን፦ ከፓሪስ ተነስቶ እስከ መመለስ

ፓሪስ ለሚኖር ወይም ለጥቂት ቀናት ወደዚያ ለሄደ ሰው፣ በአንድ ቀን ባሕር ታጥቦ፣ ዓሣ በልቶና ከተማ ዞሮ ማታ ለመመለስ በኖርማንዲ ጠረፍ ጎን ለጎን የተቀመጡት ትሩቪልና ዶቪል ሁነኛ ምርጫ ናቸው። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ቱክ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ብቻ ሲሆን፣ የባቡር ጣቢያቸውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ እዚያ ሄደው ቀናቸው ሳያምር የሚመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የገንዘብ ወይም የአየር ጠባይ ጉዳይ ሳይሆን፣ ቀኑን በእጅ ሰዓት እንጂ በባሕሩ ሰዓት አለማቀዳቸው ነው። ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ዳር ፎጣውን አንጥፎ የለመደ ሰው፣ ሐይቁ ጠዋት በነበረበት ቦታ ከሰዓት በኋላም እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለው የእዚህ ጠረፍ ባሕር፣ የእንግሊዝ ቻነል፣ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከባቡር ትኬት ሳይሆን ከባሕሩ ይጀምራል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች፣ ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንሳይ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ 14:00 ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በጋ ሲባልም የአውሮፓው በጋ፣ ማለትም እኛ ክረምት የምንለው ወቅት መሆኑን ያስተውሉ።

አንደኛ፦ የባሕሩን ሙላት አይቶ ቀን መምረጥ

በዚህ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ፣ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ዛሬ በ13:00 የሞላ ባሕር ነገ 14:00 ሊደርስ ሲል ይሞላል ማለት ነው። ዳርቻው ሜዳማ በመሆኑ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ሲሞላ ውሃው አሸዋው አናት ድረስ ይቀርባል፣ ሲጎድል ደግሞ ለመዋኘት በእርጥብ አሸዋ ላይ መቶዎች ሜትር መራመድ ያስፈልጋል፤ ከደረሱም በኋላ ውሃው ለረጅም ርቀት ከጉልበት አያልፍም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሙላት ሠንጠረዡን ይመልከቱ። ሠንጠረዡን የሚያወጣው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል የባሕር ጥናት አገልግሎት ሾም ሲሆን፣ የከተሞቹ የቱሪስት ቢሮዎችም ያድሉታል፤ በኢንተርኔት ለመፈለግ ማሬ የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ከከተማው ስም ጋር መጻፍ ይበቃል። ከሰዓቱ ጎን ከ20 እስከ 120 የሚደርስ አንድ ቁጥር ያገኛሉ። ይህ የሙላቱ ኃይል መለኪያ ነው። ቁጥሩ 45 አካባቢ ከሆነ ባሕሩ ረጋ ያለ ነው፤ ወደ 95 ከተጠጋ ወይም ከዚያ ካለፈ ግን አዲስ ጨረቃ ወይም ሙሉ ጨረቃ ቅርብ ነው፣ ውሃውም ርቆ ይሸሻል፣ ሲመለስም ፈጥኖ ይመጣል።

ለአንድ ቀን ጉዞ የሚመቸው፣ ሙላቱ ከ14:30 እስከ 16:30 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውልበት ቀን ነው። እንዲህ ያለው ቀን ጠዋቱን ለከተማ፣ ምሳውን ለገበያ፣ ከሰዓቱን ለዋና ይተዋል። ሙላቱ ጠዋት ላይ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከባቡር ወርደው በቀጥታ ወደ ውሃው ይሂዱ፤ ከሰዓቱን ደግሞ ለረጅም የአሸዋ ላይ ጉዞ ያውሉት።

ከባሕሩ ቀጥሎ የሚታየው የሰው ብዛት ነው። ጁላይና ኦገስት ፈረንሳይ በሙሉ ዕረፍት የሚወጣባቸው ወራት ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ ደመወዙ ሳይቋረጥ በዓመት 2 ሳምንት እንዲያርፍ የፈቀደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1936 ከወጣ ወዲህ ባሕር ዳር የባለጸጎች ብቻ መሆኑ እየቀረ መጥቷል። በተለይ ኦገስት 15፣ በፈረንሳይ የማርያም ዕርገት የሚከበርበትና ሥራ የሚዘጋበት ቀን በመሆኑ፣ አሸዋው ላይ ፎጣ ማንጠፊያ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት አንዱን ቢመርጡ ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ትኬትና ባቡር

ባቡሩ የሚነሳው ከፓሪስ ሳን ላዛር ጣቢያ ነው። ጉዞው 2 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ትኬት ሲገዙ መድረሻዎን ትሩቪል ዶቪል ብለው ይፈልጉ። የመሄጃውንና የመመለሻውን ትኬት በአንድ ጊዜ፣ ቀደም ብለው ይግዙ፤ ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ይለያያል፣ የእሑድ ማታ መመለሻም ቶሎ ያልቃል። ቀጥታ ባቡር ካጡ ሊዚዩ በሚባለው ከተማ ወርዶ መቀየር ይቻላል። ጠዋት በጊዜ መነሳት የሚያስቆጭ አይደለም፤ 10:30 ላይ የደረሰ ሰው ከምሳ በፊት አንዱን ከተማ አይቶ ይጨርሳል።

ሦስተኛ፦ ምን ይያዛል?

የኖርማንዲ በጋ ከእኛ የደጋ ፀሐይ ጋር ሲነጻጸር የዋህ ይመስላል፣ ሰውንም የሚያታልለው ይህ ነው። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቆዳ ሲቃጠል አይታወቅም። ከተሞቹ በ0 ዲግሪ ኬንትሮስ አጠገብ ሆነው ሰዓታቸውን ከማዕከላዊ አውሮፓ ጋር ስለሚቆጥሩ፣ በበጋ ፀሐይዋ አናት ላይ የምትደርሰው በ12:00 ሳይሆን በ14:00 ገደማ ነው። እኩለ ቀን አልፏል ብሎ በ14:00 ሸሚዙን የሚያወልቅ ሰው በትክክል በእኩለ ቀን ፀሐይ ሥር ተቀመጠ ማለት ነው። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው አባባልም ልክ አይደለም፤ ቅባቱን ከቤት ሲወጡ አንድ ጊዜ፣ ከውሃ ሲወጡ ደግሞ እንደገና ይቀቡ።

ከዚህ ሌላ ፎጣ፣ ከልብስ ሥር ተለብሶ የሚኬድ የዋና ልብስ፣ ነፋስ የሚከላከል ቀጭን ጃኬት፣ የውሃ ኮዳና እርጥብ ልብስ የሚያዝበት ፌስታል በቂ ናቸው። ክፍት ጫማ ለአሸዋው ይመቻል፤ ወደ ዓለቶቹ ለመሄድ ካሰቡ ግን ተረከዙ የተያዘ ጫማ ያስፈልጋል። በዶቪል ዳርቻ አጠገብ ባለው የሞቀ የባሕር ውሃ ገንዳ ለመዋኘት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በፈረንሳይ የሕዝብ መዋኛዎች በአብዛኛው ሰፊ ቁምጣ አይፈቀድም፤ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ አጭር የዋና ልብስ፣ ብዙ ጊዜም የፀጉር ቆብ ይጠየቃል። ገንዳውን እ.ኤ.አ. በ1966 የነደፈው ሮዤ ታይቤር ነው፤ ይኸው ሰው በኋላ የፓሪሱን ፓርክ ደ ፕራንስ ስታዲየምና የሞንትሪያሉን ኦሎምፒክ ስታዲየም ሠርቷል።

አራተኛ፦ ጠዋቱን በዶቪል

ከጣቢያው ሲወጡ ዶቪል በአንድ በኩል፣ ትሩቪል በድልድዩ ማዶ ነው። የዶቪል መንገዶች ቀጥ ያሉና ሰፋፊ የሆኑት ከተማዋ በዕቅድ የተሠራች ስለሆነች ነው። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን 3ኛ የእናት ልጅ የሆነው የሞርኒ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ረግረግና የአሸዋ ክምር የነበረውን ቦታ ከሸሪኮቹ ጋር ገዝቶ ከተማ አደረገው። ባቡሩ በ1863፣ የፈረስ መሮጫው በ1864 ተከተለ። ዛሬም በኦገስት ከተማዋ የፈረስ ከተማ ናት፤ የእሽቅድምድም ቀን ከገጠመዎ መሮጫው ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት ነው።

ወደ ባሕሩ ሲሄዱ ሌ ፕላንሽ የሚባለውን የእንጨት መሄጃ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1923 የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 643 ሜትር ነው፤ እንጨቱ አዞቤ የሚባል የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ነው፣ ጠንካራና ውሃ የማይበግረው። ዓላማው የጊዜው ሴቶች ረጅም ቀሚሳቸው አሸዋ ሳይነካው እንዲንሸራሸሩ ነበር። በመሄጃው ዳር የተደረደሩትን ትንንሽ የልብስ መቀየሪያ ክፍሎች ጠጋ ብለው ይመልከቱ። የየክፍሉ አጥር ላይ የአሜሪካ ፊልም ሰዎች ስም ተጽፏል፤ ከ1975 ጀምሮ በየሴፕቴምበሩ በሚካሄደው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተገኙ ናቸው። አሸዋው ላይ የቆሙት ባለ ደማቅ ቀለም ጥላዎች የሚከራዩ ናቸው፤ ተዘግተው ወገባቸው ላይ በገመድ ሲታሰሩ ነው ይበልጥ የሚያምሩት።

የፋሽን ዲዛይነሯ ጋብሪዬል (ኮኮ) ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1913 ሱቅ የከፈተችበት ከተማ በመሆኑ፣ በመሃል ከተማው ያሉት መደብሮች ዋጋቸው እንደ ስማቸው ነው። በኔ ግምት ዶቪል የሚታይ፣ ትሩቪል ደግሞ የሚኖርበት ከተማ ነው፤ ለዶቪል ከ2 ሰዓት በላይ መስጠት አያስፈልግም፤ ገንዘብዎንም ለማዶው ያስቀምጡ።

አምስተኛ፦ ወንዙን መሻገርና ምሳ

ወደ ትሩቪል ለመሻገር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጣቢያው አጠገብ ያለው የቤልጂጎች ድልድይ ነው፤ ስሙን ያገኘው በኦገስት 1944 ከተሞቹን ከጀርመን ጦር ነፃ ካወጣው የቤልጂግ ጦር፣ የፒሮን ብርጌድ፣ ነው። ሁለተኛው ወደ ባሕሩ አፍ ቀረብ ብሎ ያለው መሻገሪያ ሲሆን፣ በጎብኚ ወቅት ባሕሩ ሲሞላ በትንሽ ጀልባ፣ ሲጎድል ደግሞ በእግረኛ ድልድይ ጥቂት ከፍሎ ይታለፋል። ከፕላንሽ ለሚመጣ ሰው የሚያሳጥረው ይህኛው ነው።

በወንዙ ዳር የተዘረጋው የትሩቪል ዓሣ ገበያ በ1930ዎቹ የተሠራ፣ በ2006 በእሳት ተቃጥሎ እንደገና የተገነባ ሕንፃ ነው። እዚያ ሻጮቹ የገዙትን በሳህን አዘጋጅተው፣ ከበረዶው ጎን በተዘረጉት ጠረጴዛዎች ላይ ያቀርቡልዎታል። ከማንኛውም ነገር በፊት ቦንዡር ይበሉ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ሰላምታ ሳያቀርቡ ዋጋ መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል፣ መልሱም እንደዚያው ይቀዘቅዛል።

የአካባቢው ኩራት ማክሬል የሚባለው ጀርባው ሰማያዊ ነብርማ የሆነ ዓሣ ነው፤ ሶል የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣም በቅቤ ተጠብሶ ይቀርባል። ሳን ዣክ የሚባለው ትልቁ የባሕር ዛጎል በዚህ ጠረፍ የሚጠመደው ከኦክቶበር እስከ ሜይ አጋማሽ ስለሆነ፣ በበጋ የሚቀርበው ከበረዶ ማቀዝቀዣ የወጣ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ መሆኑን ይገምቱ። ከምግብ ዝርዝሩ ሰፊው ክፍል ግን ሙልና ዊትር የመሳሰሉት ዛጎል ለባሾች፣ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። በሃይማኖት ወይም በልማድ የማይበላቸው ሰው በቡድን የሚቀርበውን ትልቅ ሳህን ከማዘዝ ይልቅ ፑዋሶን፣ ማለትም ዓሣ ብሎ ለይቶ ይዘዝ። ሾርባም ላይ መጠየቅ ደግ ነው፤ የዓሣ ሾርባ ተብሎ ሸርጣን የሚገባበት አለ።

ጉዞው ከኦገስት 7 እስከ 21 ባለው ጊዜ ከሆነ ጾመ ፍልሰታ ላይ ይውላል፤ ኖርማንዲ ደግሞ የቅቤና የክሬም አገር ነው። የሚጾም ሰው ከዳቦ ቤት ይጀምር። ባጌት ደ ትራዲስዮን የሚባለው ዳቦ በ1993 በወጣ ድንጋጌ የተወሰነ ሲሆን፣ የሚሠራው ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። ክሯሳንና ብሪዮሽ ግን ቅቤ አለባቸው። ባጌት፣ ቲማቲም፣ ወይራና ፍራፍሬ ገዝቶ አሸዋ ላይ መቀመጥ ከምግብ ቤት ክርክር ያድናል። ምግብ ቤት መግባት ግድ ከሆነ ሳን ቤር፣ ሳን ክሬም፣ ይህም ያለ ቅቤ፣ ያለ ክሬም ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ የድንች ጥብሱም በእንስሳ ስብ አለመሠራቱን ያረጋግጡ።

ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ ከ12:00 እስከ 14:00 ነው፤ በ14:30 የደረሰ ሰው ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ሊጠብቀው ይችላል። የአስተናጋጁ አገልግሎት ሂሳብ ዋጋው ውስጥ ስላለ ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ካራፍ ዶ ብለው ከጠየቁ የቧንቧ ውሃ በነፃ ይመጣል።

ስድስተኛ፦ ባሕሩ ውስጥ

ለዋና የትሩቪልን ዳርቻ እመርጣለሁ፤ ከገበያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚርቅ ሲሆን፣ ጀርባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪላዎች የታጠረ ነው። ፎጣዎን ከማንጠፍዎ በፊት ደረቁ አሸዋ የት ላይ እንደሚያበቃ ይመልከቱ። ያለፈው ሙላት የተወውን የባሕር ሣርና የዛጎል ስብርባሪ መስመር ያገኛሉ፤ ከመስመሩ በላይ የተነጠፈ ፎጣ ደረቅ ይቆያል፣ ከመስመሩ በታች የተነጠፈው ግን ጫማዎን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ ባንዲራውን ይፈልጉ። አረንጓዴ ማለት ጠባቂ አለ፣ የሚታይ አደጋም የለም ማለት ነው፤ ቢጫ ማለት ጠባቂ አለ፣ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ቀይ ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ተራርቀው ከተተከሉ፣ ጠባቂዎቹ የሚመለከቱት በመካከላቸው ያለውን ውሃ ብቻ ነው። ባንዲራ ካልተሰቀለ ጠባቂ የለም። ዋና የማይችል ሰው፣ ሕፃን የያዘ ሰው፣ ወይም በሐይቅ ብቻ የዋኘ ሰው ከዚህ ክልል መውጣት የለበትም። ልጆች ካሉ የስልክ ቁጥርዎን በእስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ ይጻፉ፤ ዳርቻው ረጅም ነው፣ ጥላዎቹም ይመሳሰላሉ።

ውሃው በኦገስት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በጁን ከዚያም ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ላይ የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ዘሎ ቢገባ ሰውነቱ ደንግጦ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ እስከ ጉልበትዎ ገብተው ይቁሙ፤ በእጅዎ ውሃ እየዘገኑ ማጅራትዎን፣ ክንድዎንና ሆድዎን ያርጥቡ፤ ትንፋሽዎ ሲረጋጋ ብቻ ወደፊት ይሂዱ። ከጠገቡ ወይም ወይን ከጠጡ በኋላ አይግቡ። ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተተዎ ፊት ለፊት አይታገሉት፤ በጀርባዎ ተንሳፈው እጅዎን ያንሱ። በባሕር ላይ ለሚደርስ አደጋ የሚደወለው 196 ሲሆን፣ 112 ለማንኛውም አደጋ ይሠራል።

የሲጋራ ነገርም ይታወቅ፤ ከ2025 በጋ ጀምሮ በፈረንሳይ የባሕር ዳርቻዎች ማጨስ የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። የባሕር አሞሮቹ ደግሞ ሕግ አያውቁም፤ ከእጅ ላይ ሳንድዊች ነጥቀው ይሄዳሉ፣ ስለዚህ ምግብዎን ሸፍነው ይቀመጡ።

ሰባተኛ፦ ውሃው ሲሸሽ

ባሕሩ መጉደል ሲጀምር ብዙ ሰው ዕቃውን ይሰበስባል፤ ለእግረኛ ግን የቀኑ ምርጥ ሰዓት ይህ ነው። በእርጥቡ ጠንካራ አሸዋ ላይ ባዶ እግር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ ሮሽ ኗር የሚባለውን የድሮ ታላቅ ሆቴል ያያሉ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1870 በጋ ይህንኑ ሕንፃና ዳርቻውን ሥሏል፤ ከዚያ ሥራው አንዱ የሆነው፣ ለንደን በናሽናል ጋለሪ ያለው ትንሽ ሥዕል፣ ቀለሙ ውስጥ እውነተኛ የአሸዋ ቅንጣቶች ተጣብቀው ይታያሉ፤ ነፋሱ ያኔም እንደዛሬው ነበር ማለት ነው። ከእሱ በፊት በጎረቤት ከተማ በኦንፍለር የተወለደው ኤዤን ቡደን ቀሚስ የለበሱ የፓሪስ እንግዶች ከብዙ ሰማይ ጋር ይሥል ነበር። ሥራዎቹን ለማየት የሚፈልግ ሰው በትሩቪል ቪላ ሞንቴቤሎ የሚባለውን ሙዚየም መጎብኘት ይችላል፤ ዝናብ ለመጣበት ቀንም መጠለያ ይሆናል።

ከሆቴሉ አልፎ ወደ ቪለርቪል አቅጣጫ በዓለትና በገደል ሥር መሄድ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ይህን መንገድ ባሕሩ እየጎደለ ሳለ ብቻ ይጀምሩ፤ ከታችኛው ጉድለት ሰዓት በፊትም ፊትዎን ወደ ከተማው ይመልሱ። ሲሞላ ውሃው ገደሉ ሥር ስለሚደርስ መውጫ ይጠፋል። በሜዳማው አሸዋ ላይም ቢሆን ውሃ የሚመጣው ከፊት ብቻ አይደለም፤ በአሸዋው መካከል ያሉት ዝቅተኛ ቦዮች ቀድመው ስለሚሞሉ፣ ከፍ ባለ አሸዋ ላይ ቆሞ ዛጎል የሚለቅም ሰው ቀና ሲል ከኋላው ወገብ የሚደርስ ውሃ ሊያገኝ ይችላል። ከሁለቱ ጫፎች ይልቅ በሙላቱ አጋማሽ ያሉት ሰዓቶች ላይ ውሃው እጅግ ይፈጥናል።

ስምንተኛ፦ ማታና መመለስ

በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 22:00 አልፎ፣ በኦገስት አጋማሽ ደግሞ 21:00 አልፎ ነው። ስለዚህ ብርሃኑን አይቶ ገና ነው ማለት ባቡር ያስመልጣል፤ የመጨረሻው ቀጥታ ባቡር የሚነሳበትን ሰዓት ጠዋት ስልክዎ ላይ መዝግበው፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በፊት የሚያስታውስዎ ደወል ይሙሉ። በዳርቻው ካሉት መታጠቢያዎች እግርዎን ታጥበው፣ ልብስ ለብሰው ወደ ከተማ ይግቡ፤ በዋና ልብስ ብቻ በመሃል ከተማ መዘዋወር በብዙ የፈረንሳይ ባሕር ዳር ከተሞች በማዘጋጃ ቤት ደንብ የተከለከለ ነው። እራት የሚጀምረው 19:00 ገደማ ስለሆነ፣ ቀደም ያለ ባቡር የያዘ ሰው ከዳቦ ቤት የሚበላ ነገር ገዝቶ ቢሳፈር ይሻለዋል።

ባቡሩ ካመለጠ አይደናገጡ። መጀመሪያ በሊዚዩ በኩል የሚያገናኝ ባቡር መኖሩን የጣቢያውን ሰሌዳ አይተው ያረጋግጡ፤ ሊዚዩ ከኖርማንዲዋ ከተማ ከካን ወደ ፓሪስ በሚሄደው ዋና መስመር ላይ ስለሆነች ከትሩቪል ይልቅ ብዙ ባቡር ያልፍባታል። እስከዚያ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሦስት አራት ሰው ሆነው ታክሲ ቢጋሩ በበጋው ወቅት አልጋ ከመከራየት የሚረክስበት ጊዜ ይበዛል።